መጀመሪያ ሥሩን እንይ

መንገድ ዳር ችግኝና አበባ የሚሸጥ ሰው ዘወትር የሚጠየቀው «ምን ማዳበሪያ ልጨምርበት?» ተብሎ ነው። አንዲት እናት ስልካቸውን ከፍተው የገረጣ ጽጌረዳ ያሳዩኛል። «እትዬ፣ ዕቃውን መቼ ነው የቀየሩለት?» ስላቸው «የምኑን ዕቃ?» ይሉኛል። ጽጌረዳው ከእኔ ሲገዛ በነበረበት የዘይት ጣሳ ውስጥ እንዳለ ነው።

ቢጫ ቅጠል ሳይ ቀድሞ የምጠረጥረው ረሃብን ሳይሆን ጥበትን ነው። መሬት ላይ ያለ ተክል ሲቸግረው ሥሩን ወዲያ ወዲህ ሰዶ ይፈልጋል። የጣሳው ግን ግድግዳው ጋ ሲደርስ ከመዞር ሌላ መንገድ የለውም፤ ሲዞር ሲዞር ጣሳው ውስጥ ከአፈሩ ሥሩ ይበዛል። ያጠጣችሁት ውኃ ወዲያው ከታች ከተንጠባጠበ፣ ተክሉም በማግስቱ ጠውልጎ ከጠበቃችሁ፣ ውኃው በጎን እየሾለከ ነው። ሥሩ በቀዳዳው ብቅ ካለማ ጥርጥርም የለው።

ዕቃ ልቀይር ስል በዋዜማው በደንብ አጠጣለሁ፤ የደረቀ አፈር ሲወጣ እየተፈረካከሰ ቀጫጭኑን ሥር ይዞ ይወርዳል። ግንዱን በጣቶቼ መካከል አስገብቼ ጣሳውን እገለብጥና ጠርዙን መታ መታ አደርጋለሁ። እምቢ ካለ ጣሳው በቆርቆሮ መቀስ ይቀደዳል እንጂ ግንዱ አይጎተትም። ጫፉ ነጭና ጠንከር ያለ ሥር ጤነኛ ነው። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚላጠው፣ የረግረግ ሽታ ያለው ግን በውኃ ብዛት የበሰበሰ ስለሆነ ይቆረጣል። ዙሪያውን የተጠመጠመውን በስለት ከላይ ወደ ታች አራት ቦታ እሰነጥቀዋለሁ። ይህን ሲያዩ «ኧረ ገደልከው!» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ፤ ያልተሰነጠቀ ጥምጥም ግን አዲሱ ዕቃ ውስጥም መዞሩን አይተውም። ዕቃው ከአሮጌው ሁለት ሦስት ጣት ቢሰፋ ይበቃል። ትንሽ ተክል ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ሲገባ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር እንደረጠበ ይከርማል፤ መበስበስም ከዚያ ይጀምራል።

ስለ አፈሩ ብዙ አልልም። በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ስለሆነ ለብቻው ለጣሳ አይሆንም። በችግኝ ጣቢያዎች ከተለመዱት ድብልቆች አንዱ 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። እኔ ለመንገድ የሚደለደለውን ቀይ አሽ አድቅቄ እጨምርበታለሁ። ከሥር ጠጠር መደልደል ውኃ ያወርዳል የሚባለው ግን ትክክል አይደለም፤ ውኃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቆማል። ውኃ የሚያወርደው የታችኛው ቀዳዳና ያልተጠቀጠቀ አፈር ነው።

ወደ ማዳበሪያው ስንመጣ፣ ከገጠር ዘመድ የተላከ ዩሪያ በእፍኝ የተበተነበት ጣሳ ስንቱን አየሁ! ዩሪያ ከ100 እጅ 46ቱ ናይትሮጅን ነው፤ ልኩም የተሰላው ለማሳ ነው። ጣሳ ውስጥ ሲከማች ሥሩን ያቃጥላል፣ የቅጠሉም ዳር እንደ ተጠበሰ ይደርቃል። የግድ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ በ10 ሊትር ውኃ በጥብጡና አፈሩ ርጥብ ሳለ አጠጡ። ገበሬው የሚያውቀው ኤንፒኤስም ቢሆን ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር እንጂ ፖታሲየም የለበትም፤ አበባ የሚያወጣ ተክል ደግሞ ፖታሲየም አጥብቆ ይሻል። ለዚህ ቁንጥር የእንጨት አመድ ይረዳል፤ የቡና ችግኝ ግን ኮምጠጥ ያለ አፈር ስለሚወድ አመድ አታስነኩት። የቡና አተላ ላዩ ላይ ሲቆለል ይጋገርና ውኃ አያሳልፍም፤ ከኮምፖስት ጋር ይቀላቀል። ጨው የገባበት ቡና ከሆነ ጭራሽ ይቅር። እኔ ከሁሉም በደንብ የበሰበሰ የከብት ፍግ እመርጣለሁ። ትኩሱ ግን እንደ ዩሪያው ያቃጥላል።

ዕቃ የተቀየረለት ተክል ለሳምንት ያህል ጥላ ይሻል፤ ለአንድ ወር ያህልም ማዳበሪያ አይጨመርበትም፤ የተቆረጠው ሥር መጀመሪያ ይዳን። ክረምት ከገባ አፈሩ ሳይጠነፍፍ ስለሚከርም ቁስሉ ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ የጠበበው ጣሳ ካለ እስከ ግንቦት መጨረሻ ቀይሩለት።