«ከየትኛው?»

አንድ አምፑል አድሬናሊን 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ በውስጡም 1 ሚሊግራም መድኃኒት አለ። ልቡ የቆመ አዋቂ ሰው ፊት ይህ መገጣጠም ያድነናል፤ ሐኪሙ «አንድ ሚሊ» ሲል ሊትር ብንሰማም ግራም ብንሰማም መጠኑ ያው ነው። በየ3 እስከ 5 ደቂቃው አንድ አምፑል በደም ሥር እንሰጣለን፣ በ20 ሚሊ ሳላይን እንገፋዋለን፣ ክንዱን ወደ ላይ እናነሳለን። ሕፃን ላይ ግን ያው ቃል ሌላ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ተቋም፣ 10 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ልቧ ቆመ። ሐኪሙ ደረቷን እየተጫነ «አድሬናሊን አንድ ሚሊ!» አለኝ። በ9 ሚሊ ሳላይን ዳይሉት ከተደረገው ማለቱ ነበር፤ ይህም 0.1 ሚሊግራም ነው። እኔ ያልቀጠነውን ሙሉ አምፑል ስቤ ወደ ካኑላው ስጠጋ አንዲት አንጋፋ ነርስ እጄን ያዘችኝ። «ቆይ ልጄ፣ ከየትኛው?» አሥር እጥፍ ልሰጣት ነበር።

ዛሬ የምሠራው ደባርቅ ነው። ሊማሊሞ ላይ መኪና ተገለበጠ በተባለ ሌሊት ቁስለኞቹ በአይሱዙ ጀርባ ተጭነው ይደርሳሉ። በዚያ ብርድ የደነዘዘ ጣት አምፑል መስበር እንኳ ይከብደዋል፤ ማስላትማ ጨርሶ አይታሰብም። ስለዚህ ስሌቱን ተረኛነት ስረከብ እጨርሰዋለሁ። አድሬናሊኑን፣ አትሮፒኑን፣ 40 ፐርሰንት ግሉኮሱን ቆጥሬ አያለሁ። ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይቀጥን በደም ሥር ከገባ ልብ ያቆማልና ከእነሱ ጋር አላስቀምጠውም። የሳብኩት ሲሪንጅ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ስሙንና በአንድ ሚሊ ስንት ሚሊግራም እንዳለው እጽፋለሁ። ባዶ አምፑል አልጥልም፤ ስንት እንደሰጠን የሚነግረን እሱ ነው።

የሚከብደው ሌላ ነው። ወጣት ነርሶች የሐኪምን ትእዛዝ ጮክ ብሎ መድገም ድፍረት ይመስላቸዋል፤ ታላቅን መልሶ አለመጠየቅ ከቤት ይዘነው የመጣነው ጨዋነት ነው። እዚህ ግን ዝምታው ጨዋነት አይደለም። «ዶክተር፣ ዳይሉት ካደረግነው አንድ ሚሊ፣ 0.1 ሚሊግራም፣ ልስጥ?» እንዲሉ ከእኔ ጋር ደጋግመው ይለማመዳሉ።

ሰዓቱም አለ። እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለውን ሌላው 2 ብሎ ይጽፋል። ሕመምተኛው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ሲደርስ ተቀባዩ ነርስ የመጨረሻው መድኃኒት መቼ እንደተሰጠ ከወረቀቱ ማንበብ አለበት። እኔ «ከሌሊቱ» የሚለውን ቃል ሳልጽፍ ሪፈር አልፈርምም።