ግቡ፣ ነፃ ነው! የለንደን የሕክምና ምርምር ሌክቸሮች

ስለ በሽታና ስለ ፈውስ አብዝተው ከሚያውቁ ሰዎች አንዱ ፊታችሁ ቆመው፣ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ሳይሰስቱ ዘርግፈው፣ በመጨረሻ ደግሞ «እሺ፣ ጥያቄ ያለው?» ብለው ቢጠብቋችሁ ስንት ትከፍላላችሁ? ለንደን ውስጥ ምንም! አምስት ሳንቲም አትከፍሉም። የትምህርት ማስረጃ አምጡ የሚል የለም፣ የማን ተማሪ ናችሁ የሚል የለም። ቦታ ትይዛላችሁ፣ ትገባላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጁን ይዤ ሳልነግር አላልፍም፤ አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው።

ቦታው ግሬሻም ኮሌጅ ይባላል። ኮሌጅ ይባል እንጂ ተማሪ አይመዘግብም፣ ፈተና የለውም፣ ዲግሪ አይሰጥም። ሥራው አንድ ነው፤ አዋቂ ሰው አቁሞ ለመጣ ሁሉ ማስተማር። ቻንስሪ ሌን ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ በሆልቦርን መንገድ ጥቂት ስትሄዱ፣ በሱቆች መካከል ካልተጠነቀቁ የሚታለፍ ጠባብ መተላለፊያ አለ። በእሱ ስትገቡ የመኪናው ጩኸት ከኋላችሁ ይቀራል፣ ከፊታችሁ ደግሞ ባርናርድስ ኢን የተባለው አሮጌ አዳራሽ ይጠብቃችኋል። ዕድሜው ወደ ስድስት መቶ ዓመት ይጠጋል። ግድግዳው የለበሰው እንጨት ተጣጥፎ እንደተቀመጠ ነጠላ እጥፋቱ እየታየ የተቀረጸ ነው፤ መጀመሪያ ቀን ሌክቸሩ እስኪጀመር ድረስ ዓይኔን ከእሱ ላይ መንቀል አቃተኝ። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱ ደግሞ ጸጋው ነው። ተናጋሪው አጠገባችሁ ናቸው፤ ስላይዱን ሲቀይሩ፣ ውኃ ሲጎነጩ፣ አንድ ጥያቄ ደስ ሲያሰኛቸው ፊታቸው ሲፈካ ሁሉ ይታያችኋል።

ታሪኩን ስሙት እንጂ! ሰር ቶማስ ግሬሻም የለንደን ነጋዴ ነበር፤ ሮያል ኤክስቼንጅ የተባለውን የነጋዴዎች መገበያያ ያቋቋመው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1579 ሲሞት ከመገበያያው የሚገኘው ገቢ ለሰባት ፕሮፌሰሮች ደመወዝ እንዲውል ተናዝዞ ነበር። ሥነ ፈለክ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃ፣ ሕግ፣ መንፈሳዊ ትምህርት፣ የንግግር ጥበብ፣ ሰባተኛው ደግሞ ሕክምና። ሚስቱ ካረፈች በኋላ፣ በ1597፣ በራሱ መኖሪያ ቤት ሌክቸሩ ተጀመረ። እኛ ዘንድ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያረፉበት ዓመት መሆኑ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ፣ ያን ጊዜ የተማረ ሰው ቋንቋ ላቲን ሆኖ ሳለ ትምህርቱ በላቲን ብቻ ሳይሆን በእንግሊዝኛም እንዲሰጥ መደረጉ ነው፤ ላቲን ያልተማረው የከተማ ሰውም ገብቶ እንዲሰማ! ይህን ያሰቡትን ሰዎች እወዳቸዋለሁ።

ከዚያ የግሬሻም ቤት ምን ያልወጣ ነገር አለ? ኅዳር 28 ቀን 1660 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ክሪስቶፈር ሬን የሥነ ፈለክ ሌክቸሩን ሲጨርስ ሊሰሙት ከመጡት ጥቂቶቹ እዚያው ቀርተው ተወያዩ፤ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው ዝነኛ የሳይንስ ማኅበር የተመሠረተው በዚያ ዕለት ነው። ሌክቸር ሰምተው ወደየቤታቸው ቢበተኑ ኖሮስ?

በ1666 ኅዳር ላይ፣ ለንደን በእሳት በተቃጠለች በሁለት ወሯ፣ እዚሁ ግሬሻም ኮሌጅ ውስጥ የአንዱን ውሻ ደም ወደ ሌላው ውሻ አፈሰሱ። ደም ሰጪው ሞተ፣ ተቀባዩ ዳነ። ወሬውን ያቆየልን ዕለታዊ ማስታወሻ ይጽፍ የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ ነው፤ ለእሱ የነገረው ደግሞ ዊሊያም ክሩን የሚባል ሐኪም ነበር። ሰዎቹ በነገሩ እየተሳሳቁ፣ የእገሌ ደም ለእገሌ ቢሰጥ ምን ዓይነት ሰው ይወጣው ይሆን እያሉ መቀለዳቸውን፣ ነገር ግን አንድ ቀን ለሰው ጤና ትልቅ ጥቅም ሊሰጥ እንደሚችል መታሰቡን ፒፕስ ጽፏል። ያ «አንድ ቀን» እስኪመጣ ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን መለየት ነበረበት፤ ያም የሆነው ከ230 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ነው። ዛሬ ወላድ እናት ደም ሲፈሳትና ከደም ባንክ መጥቶ ሲሰጣት፣ የነገሩ አንድ ጫፍ እዚያ ቤት ውስጥ አለ።

ዶክተር ክሩንን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ግሬሻም ኮሌጅ የንግግር ጥበብ ፕሮፌሰር ነበር። ከሞተ በኋላ ባለቤቱ በኑዛዜዋ በስሙ ሌክቸር እንዲቋቋም አደረገች፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ብነግራችሁ አታምኑም፤ ከአንድ መጠጥ ቤት ኪራይ! ከኪራዩ አንድ አምስተኛው ለሮያል ሶሳይቲ ሌክቸር ተመደበ። የክሩን ሌክቸር በ1738 ተጀመረ፤ ዛሬም የሮያል ሶሳይቲ ትልቁ የሥነ ሕይወት ሌክቸር እሱ ነው። በ1975 ፍሬድሪክ ሳንገር ተራው ደርሶት እዚያ ላይ ሲቆም ያቀረበው የዲኤንኤን ፊደላት ቅደም ተከተል የማንበብ ሥራውን ነው። ሳንገር በ1958 በኢንሱሊን ኖቤል ወስዶ ነበር፤ በዲኤንኤው ደግሞ በ1980 ደገመ። የመጠጥ ቤት ኪራይ የት ድረስ ሄደ! ባሏን ያከበረችበት መንገድ ከሐውልት ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ፤ ልቤን የሰረቀው እዚህ ጋ ነውና።

በ2018 የግሬሻም የሕክምና ፕሮፌሰርነትን ወንበር የያዙት ክሪስ ዊቲ ናቸው። በዚያው ዓመት ከሰጧቸው ሌክቸሮች አንዱ ወረርሽኝን እንዴት መቆጣጠር ይቻላል የሚል ነው። 2018! ኮቪድ ገና ስሙም አልነበረም። እኒህ ሰው የእንግሊዝ ዋና የሕክምና ሹም የሆኑት በ2019 ነው፤ በወረርሽኙ ጊዜ በየምሽቱ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው «ቀጣዩ ስላይድ እባካችሁ» ሲሉ ዓለም ያወቃቸው እሳቸው ናቸው። መልሱን ግን አስቀድመው፣ ወረርሽኝ ይመጣል ብሎ ለማያስበው ተራ ሕዝብ፣ በነፃ፣ ረጋ ብለው አስረድተው ነበር። ቅጂውን አሁንም ማየት ይቻላል፤ እኔ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ አልጠገብኩትም።

የሌክቸሩ አከርካሪ አንድ ጥያቄ ነው፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በምን መንገድ ነው? መንገዱን ካወቅህ መዝጊያውን ታውቃለህ። ኮሌራ በውኃ ይሄዳል፤ ስለዚህ መድኃኒት ሳይመጣ በፊት ንጹሕ ውኃና የፍሳሽ ቦይ ከተሞችን አዳኑ። ወባ ያለ ቢምቢ አይሄድም፤ አጎበር ይዘረጋል። ኤችአይቪ በደምና በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይሄዳል፤ መዝጊያውም ሌላ ነው። ኢቦላ በንክኪ ይሄዳል፤ በ2014 በምዕራብ አፍሪካ ያን ያህል ሰው ከፈጀባቸው ምክንያቶች አንዱ ሰው የሞተበትን ዘመዱን አጥቦና ገንዞ መቅበሩ ነው፤ በአክብሮት ውስጥ ሞት አለ። ስለዚህ ሐኪሙ የቀብር ሥርዓትን ማወቅ አለበት፣ ከቄሱና ከሼኩ ጋር መመካከር አለበት። በትንፋሽ የሚሄደው ግን ከሁሉ ያስፈራል፤ አየርን ማን ይዘጋዋል? ይህን ከሰማሁ ወዲህ የወረርሽኝ ዜና ስሰማ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው «በምን መንገድ?» የሚለው ነው፤ ግማሹ ፍርሃት ያን ጊዜውኑ ይለቃል። አንድ ሰዓት ያህል በሚፈጅ ሌክቸር እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መውጣት ትንሽ ነገር ነው?

ሚያዝያ 2020 መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሳለ፣ እኒሁ ሰው በዚያ ሁሉ የሥራ ውጥረት መካከል ጊዜ አውጥተው ስለ ኮቪድ ሌክቸር ሰጡ። አዳራሽ ስለሌለ በኢንተርኔት። ሹመት ሌላ፣ ማስተማር ሌላ ብለው አላመለጡም። ይህ ነው የመምህር ክብር!

ከእሳቸው ቀጥሎ ወንበሩን የያዙት ሮቢን ሜይ ናቸው፤ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የተላላፊ በሽታዎች ፕሮፌሰር። የራሳቸው የምርምር ሥራ ብቻውን ተአምር ነው። ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ አለ፤ በኤችአይቪ አቅማቸው የደከመ ሰዎችን የአንጎል ሽፋን አጥቅቶ የሚገድል፣ የአገራችንም ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ነው። ነጭ የደም ሴል ይህን ፈንገስ ይውጠዋል። ተዋጠ፣ አለቀለት ትላላችሁ። የለም! ውስጡ ይኖራል፣ ይራባል፤ ከዚያም አንዳንዴ ተተፍቶ ይወጣል፤ ሴሉም ሳይሞት፣ ፈንገሱም ሳይሞት! ይህን በማይክሮስኮፕ ቀርጸው ለዓለም ካሳወቁት ቤተ ሙከራዎች አንዱ በ2006 የእሳቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በዓይኑ ያየ ሰው ሲያስተምር ከመጽሐፍ አንብቦ ከሚነግር ሰው ይለያል፤ ድምፁ ውስጥ ይሰማል።

ደግሞ ጥያቄና መልሱ! በየትኛውም የሕክምና ሌክቸር ከዚያ የበለጠ የምወደው ክፍል የለም። አንድ ጊዜ ስለ ተላላፊ በሽታዎች ወደተዘጋጀ ሌክቸር እትዬ የምላቸውን፣ በነርስነት ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ የወጡ የሰፈራችንን እናት ይዤ ሄድኩ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ከፊት ተቀመጡ። ጥያቄ ሲባል እጃቸውን አነሱ። እኔ ደነገጥኩ፣ እሳቸው አልደነገጡም። «አገሬ ላይ ወባ የቆላ በሽታ፣ የገጠር በሽታ ነበር፤ አሁን ድሬዳዋ ከተማ መሐል የገባችው ቢምቢ ከየት መጣች?» አሉ። ተናጋሪው ፊታቸው በራ። አኖፊሊስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የእስያ ቢምቢ በ2016 ቀብሪደሃር ላይ መገኘቷን፣ በ2022 ደግሞ በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ጊዜ ዋነኛ ተጠርጣሪ እንደነበረች፣ ከሌሎቹ የሚለያት በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባቷ እንደሆነ አስረዱ። እትዬ ወደ እኔ ዞር ብለው «ሮቶ ውስጥ ማለታቸው ነው» አሉኝ፤ ቀጠል አድርገውም «እንግዲያ አጎበሩ ብቻውን ምን ያደርጋል? ሮቶው ይከደን እንጂ!» ተርጉሜ አቀበልኩ። ሰውዬው «ልክ ነው፣ በትክክል!» ብለው ሌክቸሩ ካለቀ በኋላ ወደ እሳቸው መጥተው ቆመው አወሩ፤ በወባ ማጥፊያ ዘመን ቤት ለቤት እንዴት ይረጭ እንደነበር ይጠይቋቸዋል፣ እትዬ ይመልሳሉ። ያን ምሽት ማን አስተማሪ፣ ማን ተማሪ እንደነበረ ለመናገር ያስቸግራል።

ለንደን ለሌላችሁ ደግሞ የምሥራች አለኝ። የግሬሻም ሌክቸሮች ይቀረጻሉ፤ ዩቲዩብ ላይ አሉ፣ ድረ ገጹም ላይ አሉ፤ ብዙዎቹ ሙሉ ጽሑፋቸው ጭምር ተለጥፎ። በሺህ የሚቆጠር ሌክቸር! ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ማታ ስልኳ ላይ፣ ቴል አቪቭ ያለው ወንድማችን አውቶቡስ ውስጥ፣ ጎንደር ያለው የሕክምና ተማሪ ኔትወርክ ሲመጣለት አውርዶ ማየት ይችላል። ምክሬ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ፣ ከዚያ ቪዲዮውን እዩ። እንግሊዝኛው የፈጠነበት ሰው እንዲህ ሲያደርግ አንድም ነገር አያመልጠውም።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚን አትርሱ። ጉለሌ፣ በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቀድሞ መኖሪያ ቤት፣ ለሕዝብ የሚሰጡ ሌክቸሮች ይዘጋጁበታል። የደራሲ ቤት የሳይንስ መድረክ ሲሆን ደስ አይልም? ለንደን ያለነው ደግሞ ግሬሻም ብቻ አይደለም ያለን። ሴንት ፓንክራስ ጀርባ ያለው የፍራንሲስ ክሪክ ተቋም ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ኤግዚቢሽኖችና ዝግጅቶች አሉት፤ ዩስተን መንገድ ላይ ያለው ዌልካም ኮሌክሽን መግቢያው ነፃ ነው። ከሁለቱም ወጥቶ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን ክትፎ ለመብላት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የግሬሻም የትምህርት ዘመን የሚከፈተው ልክ እኛ አዲስ ዓመት በምንቀበልበት ሰሞን ነው፤ እስከ ሰኔ ድረስ ይዘልቃል። መርሐ ግብሩ አስቀድሞ ድረ ገጻቸው ላይ ይወጣል፤ የሕክምናውን ክፍል ፈልጋችሁ ቀኑን ያዙ፣ ቦታም ቶሎ አስመዝግቡ፣ አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ ይሞላል። ከሞላባችሁ በቀጥታ ሥርጭት ተከታተሉ፤ ጥያቄ ከቤት ሆኖ መጻፍም ይቻላል። እኔና እትዬ ግን ከፊት ረድፍ አንነሳም፤ ቀጣይ ጥያቄያቸውን ከወዲሁ ወረቀት ላይ ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከትተዋል፤ ምን እንደሆነ ለእኔም አልነገሩኝም።