የፈረስ ሆድና የአና ሲዌል መጽሐፍ፤ ስለ «ብላክ ቢዩቲ» የቀረበ ሒስ

«ብላክ ቢዩቲ» የተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ለወጣቶች የቋንቋ ማለማመጃ ሆኖ ስለሚሰጥ፥ አንባቢው የልጆች ተረት አድርጎ ይመለከተዋል። ከፍ ያለ ግምት የሚሰጡት ሐያስያን ደግሞ የሚያነሡት ስለ እንስሳት ጭካኔ የተናገረውን፥ ይልቁንም የፈረሱን ራስ በግድ ቀና አድርጎ ስለሚይዘው የልጓም ጠፍር የጻፈውን ክፍል ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሌላውንና ብዙ ያልተነገረለትን ክፍል ነው፤ ይኸውም መጽሐፉ ስለ ፈረስ አመጋገብ፥ ስለ ሆዱ ደኅንነትና ስለ ጤናው አጠባበቅ የሚሰጠው ትምህርት ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ዛሬ «የተፈጥሮ አጠባበቅ» የሚለው ቃል በየአገሩ በፈረስ ባለቤቶች አፍ የሚዘወተር ስለ ሆነ፥ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመመርመር ይህ መጽሐፍ ጥሩ መነሻ ይሆናል ብለን በማመናችን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ስለ ደራሲዋ

አና ሲዌል በ1820 በምሥራቅ እንግሊዝ ግሬት ያርመዝ በተባለች ከተማ ተወለደች። በ14 ዓመቷ ወድቃ እግሯን ስለ ተጎዳች ከዚያ ወዲያ እንደ ልብ መራመድ አልቻለችም፤ ስለዚህ ከቤቷ ስትወጣ የምትሄደው ፈረስ በሚስበው ሠረገላ ነበረ። መጽሐፏን ከ1871 እስከ 1877 ባሉት ዓመታት፥ በሕመም ላይ ሳለች ጽፋ በ1877 መጨረሻ በኖርዊች ከተማ አሳተመች። በሚከተለው ዓመት በሚያዝያ ወር ዐረፈች። መጽሐፉ 49 ምዕራፎች አሉት፤ ታሪኩን የሚናገረውም ፈረሱ ራሱ ነው።

ይህ አነጋገር ለጉዳያችን ጥቅም አለው። ስለ ፈረስ ሕክምና የሚጽፍ ሰው ዘወትር የሚናገረው ከውጭ ሆኖ ያየውን ነው፤ ሲዌል ግን የበላው እህል ሲከብደው፥ የጠጣው መድኃኒት ሲያቅለሸልሸው ምን እንደሚሰማው ፈረሱን ታናግረዋለች። ነገሩ ልብ ወለድ መሆኑ አይካድም። ሆኖም የጠባቂውን ሐሳብ በታማሚው በኩል እንድንመዝነው ያስገድደናል።

2. የፈረስ ሆድ አሠራር

መጽሐፉን ለመመዘን አስቀድሞ መለኪያውን ማቆም ያስፈልጋል። ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም። ጨጓራው ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ትንሽ ጨጓራ ውስጥ አሲድ ቀንም ሌሊትም ያለ ማቋረጥ ይመነጫል፤ አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ግን በብዛት የሚወርደው ፈረሱ ሲያኝክ ብቻ ነው። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት ሳይበላ የቆመ ፈረስ ጨጓራው ይቈስላል። ሣሩን የሚያብላሉት በትልቁ አንጀትና ከእርሱ መጀመሪያ ላይ ባለው ሰፊ ከረጢት የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ብዙ እህል ባንድ ጊዜ ከተሰጠው ግን በትንሹ አንጀት ያልተፈጨው ስታርች ወደ እነዚህ ተሕዋስያን ይደርስና ይቦካል፤ ከዚህም ቁርጠት ይነሣል፥ ሕመሙ እስከ ኮቴው ውስጥ ወርዶ ፈረሱን ሊያሽመደምደው ይችላል። ደግሞም ፈረስ እንደ ሰውና እንደ ውሻ ማስመለስ ስለማይችል፥ በስሕተት የገባውን አይመልሰውም።

በመስክ የተለቀቀ ፈረስ በ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 16 ሰዓት ያህል እየተራመደ ጥቂት በጥቂት ይግጣል። የሆዱ አሠራር ከዚህ ልማድ ጋር የተስማማ ነው። ስለ ፈረስ ሆድ «ተፈጥሮ» የሚለውን ቃል ስንጠቀም በመጀመሪያ ልናስብ የሚገባን ይህንን ነው።

3. ምዕራፍ 30ና 31

በእኛ አስተያየት ለዚህ ጉዳይ የመጽሐፉ ዋና ክፍል እነዚህ ሁለት ምዕራፎች ናቸው። በ30ኛው ምዕራፍ ባሪ የተባለው የፈረሱ ጌታ ስለ ፈረስ ምንም የማያውቅ፥ ነገር ግን ደግ ሰው ነው፤ ጥሩ ድርቆሽ፥ አጃ፥ የተከካ ባቄላና ፍሩሽካ እንዲገዛለት ያዝዛል። ጠባቂው ፊልቸር ግን አጃውን እየሰረቀ ሚስቱ ለምታደልባቸው ጥንቸሎችና ዶሮዎች ይልከዋል። ፈረሱ የሚቀርብለት ፍሩሽካ ነው፥ እርሱም ጥቂት አጃ ጣል የተደረገበት። ስርቆቱን የሚያስገምተው የባሪ ወዳጅ የሆነ አንድ ገበሬ ነው፤ እርሱም የፈረሱን መድከምና ማላብ አይቶ፥ እህሉን ማን እንደሚበላው እንዲመረምር ባሪን ይመክረዋል። እዚህ ላይ ደራሲዋ የምትለው ነገር ቸል ሊባል አይገባም፤ ለምለም ሣር መልካም ቢሆንም የሚሠራን ፈረስ ብቻውን አያቆመውም ትላለች። ስለዚህ ሣር ብቻ ይበቃል የሚሉ ሰዎች ሲዌልን ምስክር አድርገው ሊጠሩ አይችሉም።

በ31ኛው ምዕራፍ ፊልቸርን የተካው አልፍሬድ ስመርክ አይሰርቅም። ለአለባበሱ የሚጠነቀቅ፥ ጌታው ፊት ፈረሱን የሚደባብስ ሰው ነው፤ ነገር ግን ሰነፍ ነው። ጋጣውን አይጠርግም፥ ፈረሱን አያንቀሳቅስም፥ የሚሰጠውን እህል ግን ብዙ ሥራ እንደሚሠራ ፈረስ መጠን ያደርገዋል፤ ለምለም ሣርም ከቶ አያቀምሰውም። ፈረሱ አንድ ጊዜ ይፈዝዛል፥ አንድ ጊዜ ይቅበጠበጣል፥ ትኩሳትም ይይዘዋል። ስመርክ ታዲያ ምን ያደርጋል? መኖውን አይለውጥም፥ ፈረሱንም አውጥቶ አያንሸራሽርም፤ መድኃኒት እያድበለበለ ያስውጠዋል፥ በጉሮሮውም ያንቆረቁርለታል። ፈረሱ የሚነግረን መድኃኒቱ ሕመም እንዲሰማው እንዳደረገው ነው። በመጨረሻም በረጠበው የጋጣ ገለባ ምክንያት ኮቴው መበስበስ ይጀምራል። የፈረስ ጫማ የሚሠራው አንጥረኛ የሚያዝዘው ከጋጣው መጽዳትና ከኮቴው መታከም ጋር የመኖ ለውጥን ነው።

ሲዌል የአንጀትን ውስጥ አሠራር የዛሬው ሳይንስ እንደሚያውቀው አታውቅም ነበር። ሆኖም መቆም፥ የእህል ብዛትና የሣር እጦት ባንድነት ሆነው የፈረሱን ሆድ እንደሚያውኩ፥ በምክንያቱ ላይ የሚጨመር መድኃኒትም ምክንያቱን እንደማያስወግድ በትክክል አሳይታለች። ስለ ውሃም እንዲሁ ነው፤ ደጉ የለንደን ሠረገላ ነጂ ጄሪ ባርከር ንጹሕ ውሃ ሌሊትና ቀን ከፈረሶቹ አጠገብ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ፈረሱ እንደሚለው ውሃ ያልተከለከለ ፈረስ ጥቂት ጥቂት እያለ ይጠጣል እንጂ ባንድ ጊዜ ግማሽ ባልዲ አይጨልጥም። ይህ እስከ ዛሬ የጸና ምክር ነው።

4. የመጽሐፉ ጉድለት

እዚህ ላይ ሙገሳችንን ገታ ማድረግ ይገባናል። በ18ኛው ምዕራፍ ፈረሱ ሐኪም ለመጥራት ሌሊት ሲጋልብ ቆይቶ፥ በላብ ተጠምቆ ይመለሳል። ልጁ ጆ ግሪን ጨርቅ ሳያለብሰው ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጣዋል፥ ድርቆሽና እህልም ይሰጠዋል። ፈረሱ ሳንባው ታምሞ ለሞት ይደርሳል። ዋናው ጠባቂ ጆን ማንሊ በዚህ ተቈጥቶ አለማወቅን ከክፋት ቀጥሎ ከሁሉ የከፋ ነገር ያደርገዋል። ዛሬ ግን ሐኪሞች የሞቀ ፈረስን ውሃ መከልከልን አይደግፉም፤ ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ በፊት የተደረጉት ምርመራዎችም የጋለን ፈረስ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ እንደማይጎዳው፥ ይልቁንም እንደሚያድነው አስረድተዋል። ከጆ አድራጎት ዛሬ የሚያጠያይቀው ለደከመ ፈረስ ወዲያው እህል መስጠቱ ነው። የከብት ሐኪሙም በ19ኛው ምዕራፍ ታማሚውን ደም ያወጣዋል፤ ፈረሱ ሊሞት የደረሰ መስሎት እንደ ነበረ ቢነግረንም፥ ደራሲዋ በሐኪሙ ላይ አንዲት የነቀፌታ ቃል አልጻፈችም። በአለማወቅ ላይ እንዲህ የከረረ ፍርድ የሰጠ ምዕራፍ የዘመኑን አለማወቅ ሳይመረምር ማለፉ ትልቅ ጉድለት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ፍሩሽካን ይመለከታል። በመጽሐፉ ውስጥ ደግ ጠባቂ ሁሉ በሙቅ ውሃ የራሰ ፍሩሽካ እንደ ፈውስ ይሰጣል። ፍሩሽካ ግን ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ በብዙ እጥፍ የበለጠ በመሆኑ፥ ዘወትር ዋና መኖ ሲሆን የፈረስን አጥንት ያሳሳል፥ ፊቱንም ያሳብጣል። አልፎ አልፎ በድንገት ሲሰጥም ቢሆን ለሣር የተዘጋጁትን ተሕዋስያን ያናጋል፤ የመኖ ለውጥ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ መደረግ አለበት።

5. «ተፈጥሮ» የሚለው ቃል

ዛሬ በኤውሮፓና በአሜሪካ በተፈጥሮ ስም ለፈረስ የሚሸጠው ዱቄት፥ ቅጠላ ቅጠልና ዘይት ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱም አይጠቅምም አንልም። ነገር ግን ከቅጠል የተገኘ ነገር ሁሉ ለፈረስ ተፈጥሮ የተስማማ ነው ማለት ስሕተት ነው። ለምሳሌ ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲሰጥ የፈረስን ቀይ የደም ሕዋሳት አበላሽቶ የደም ማነስ እንደሚያመጣ በ2005 በካናዳ የወጣ ጥናት አሳይቷል። ፈረሱን ቀኑን ሙሉ በጋጣ አቁሞ፥ እህል አብዝቶለት፥ ከዚያ ለሆዱ ማስታገሻ የቅጠል ዱቄት የሚገዛ ሰው ከአልፍሬድ ስመርክ በምን ይለያል? ልዩነቱ በዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ መስክ ራሱ ንጹሕ ገነት አይደለም። የሆድ ትል እጭ ወደ ፈረሱ የሚገባው ከሚግጠው ሣር ጋር ነው። በአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ገዳይ ደዌ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦችም ከምሽት እስከ ንጋት ውጭ ያለውን ፈረስ ያገኙታል። ፋንድያውን ከመስኩ መልቀም፥ በምርመራ የተመራ የትል መድኃኒት መስጠት፥ ክትባትም መከተብ የተፈጥሮ ተቃራኒ ሳይሆኑ የመስኩ ኑሮ የሚፈልጋቸው ጥበቃዎች ናቸው። መድኃኒት ሁሉ መርዝ ነው የሚል ሰው ከሲዌል መጽሐፍ ድጋፍ የሚያገኝ ቢመስለው ተሳስቷል፤ እርሷ የነቀፈችው በጥንቃቄ ፈንታ የሚሰጠውን መድኃኒት ነው።

6. ወጪው የማን ነው?

መጽሐፉ ከብዙ የፈረስ ወዳጆች መጻሕፍት የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። በ39ኛው ምዕራፍ ሲዲ ሳም የተባለው ድኻ ሠረገላ ነጂ ፈረሶቹን ስላደከመ ሲነቀፍ፥ ለሠረገላውና ለሁለት ፈረሶች ኪራይ በቀን 18 ሽልንግ ለባለቤቱ እንደሚከፍል፥ ያን ሳያገኝም ለልጆቹ እንጀራ እንደማያተርፍ ይመልሳል። ደራሲዋ ይህን መልስ አላስተባበለችም። በመጨረሻው ክፍል ፈረሱ ደክሞ ወድቆ በተሸጠ ጊዜ የሚፈወሰው ቀን ቀን መስክ፥ ጠዋትና ማታ ድርቆሽና አጃ በሚሰጠው በገበሬው በሰሮጉድ ቤት ነው፤ ሰሮጉድ ግን መሬት ያለው ሰው ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ባጃጅ በብዙ ከተማ የጋሪን ሥራ ቢወስድም፥ ጋሪ ፈረስ ዛሬም አለ፤ የከተማው ጋሪ ፈረስ መኖም በአብዛኛው ፍሩሽካ ነው። ለባለ ጋሪው «ፈረስህን መስክ ልቀቀው» ብሎ መምከር መስክ ለሌለው ሰው የተሰጠ ምክር ነው። ሊቻል የሚችለውን መንገር ይሻላል፤ ይኸውም ፍሩሽካውን ቀንሶ ድርቆሹን ማብዛት፥ 300 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ደረቁ ሣር በቀን ከ4 ኪሎ ተኩል እንዳያንስ ማድረግ፥ መኖውን ከፋፍሎ ደጋግሞ ማቅረብ፥ በየተራ መጠበቂያው ስፍራ ውሃ አለመከልከል ነው። የድርቆሽ ዋጋ በሚወደድበት ወራት ይህም ቢሆን ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን።

7. ማጠቃለያ

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። «ብላክ ቢዩቲ» እንደ ሕክምና መጽሐፍ አርጅቷል፤ ደም ማውጣቱ፥ የውሃው ክልከላና የፍሩሽካው ፈውስ ዛሬ ሊታመኑ አይገባም። የጥበቃው ተራ ግን አላረጀም፤ በመጀመሪያ ሣር፥ ውሃ፥ እንቅስቃሴና ንጹሕ ጋጣ፥ ከዚያ ለሥራው የሚመጠን እህል፥ ሲታመምም ምክንያቱን የሚፈልግ ሐኪም፥ መድኃኒትም ሐኪሙ ባዘዘው መጠን። መጽሐፉን የሚያስተምሩ መምህራን ምዕራፍ 30ና 31ን ከቋንቋ ልምምድ አልፈው ለውይይት ቢያቀርቧቸው፥ በቢሾፍቱ የከብት ሕክምና የሚማሩ ጓደኞቻችንም የፍሩሽካውን ጉዳይ በጋሪ ፈረሶች ላይ መዝነው ውጤቱን በአማርኛ ቢጽፉልን፥ ይህ ሒስ የተነሣበትን ጥያቄ ከእኛ የበለጠ ያብራሩታል ብለን እናምናለን።