ከወርቅ ጥርሶቿ በላይ

የላፕቶፕ ዲዲአር3 ራም ርዝመቷ ሰባት ሴንቲሜትር አይሞላም፤ ወርዷ ሦስት ነው። እንደ ቲንክፓድ ቲ430 ያሉ፣ በ2012 ወጥተው ዛሬም ሥራ ላይ ያሉ ላፕቶፖች የሚጠቀሙት እሷን ነው። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ «ራም ጨምርበት» ይባላል፤ ተገዝታ ተሰክታ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ የሚያስታውሳት የለም። ከመሰካቷ በፊት ግን ብርሃን ላይ ያዝ አድርጎ ማየት ይገባል ባይ ነኝ።

ከታች ጠርዟ ላይ በአንዱ ፊት 102፣ በሌላው 102 በወርቅ የተለበጡ ጥርሶች አሉ። ወርቁ የተመረጠው ስለማይዝግ ነው። ጥርሶቹን የምትከፍለው ቅድ ከመሃል ወደ አንድ ወገን ፈቀቅ ብላለች፤ ሰው ገልብጦ ልሰካት ቢል አትገባለትም። ከጥርሶቹ ወደ ጥቁሮቹ ቺፖች የሚወጡትን የመዳብ መስመሮች ደግሞ አስተውሉ። አንዳንዶቹ በቀጥታ መድረስ ሲችሉ እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ፣ በብራና መጽሐፍ ራስጌ ላይ እንደሚሣል ሐረግ። ጥምዝምዙ በልክ የተሠራ ነው። ፍጥነቷ «1600» በሚባለው ራም አንድ የዳታ መስመር በሰከንድ 1.6 ቢሊዮን ቢት ያሳልፋል፤ ለአንዱ ቢት የሚደርሰው ጊዜ አንድ ናኖሰከንድ እንኳ አይሞላም። አብረው የተላኩት አብረው እንዲደርሱ አጭሩ መንገድ ሆን ተብሎ ይረዝማል። ይህን ያህል የተጨነቀ እጅ ሳይ ደስ ይለኛል።

በተለመደችው 8 ጊጋ ላይ 16 ቺፖች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ከአራት ቢሊዮን የሚበልጡ ሴሎች። አንዱ ሴል አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር ብቻ ነው፤ የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ በ1966 ያፈለቀው፣ በ1968 ፓተንት ያገኘበት ሐሳብ። ካፓሲተሩ የያዘውን ቻርጅ እያፈሰሰ ስለሚሄድ፣ ሁሉም ሴል በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ ተነብቦ እንደገና ይሞላል።

እንግዲህ በአንድ ዋጋ የተቀመጡ ሁለት ራሞች ቢቀርቡላችሁ፣ 4 ጊጋ በ1600 ወይስ 8 ጊጋ በ1333? እኔ ያለማመንታት 8 ጊጋዋን እወስዳለሁ። የ1333ዋ የተለመደ መዘግየት 9 ዙር ነው፤ አንዱ ዙር 1.5 ናኖሰከንድ፣ በድምሩ 13.5። የ1600ዋ 11 ዙር በ1.25፣ ማለትም 13.75። ቁጥሩ ቢያድግም የመጀመሪያው መልስ የሚመጣው ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ ከውስጥ ያለው ሴል ያው ነውና። የጨመረው በአንድ ጊዜ የሚፈሰው ብዛት ነው፤ በሰከንድ ከ10.6 ወደ 12.8 ጊጋባይት። ይህን በተለይ የሚያጣጥመው የራሱ ማህደረ ትውስታ የሌለውና ከራም የሚበደረው ግራፊክስ ነው። ለእሱም ቢሆን በሁለቱም ማስገቢያ አንድ አንድ ራም መሰካት ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ራም ሲሞላ ግን ኮምፒውተሩ ወደ ዲስክ ይሄዳል። የድሮ ሃርድ ዲስክ አንድ ነገር ፈልጎ ለማምጣት አሥር ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ ይህ አሥር ሚሊዮን ናኖሰከንድ ነው። ብሮውዘር ላይ ብዙ ገጽ ከፍቶ ማሽኑ ሲደርቅበት የሚናደድ ሰው የሚጠብቀው ይህን ነው። ከ1333 ወደ 1600 መውጣት ያንን ጥበቃ አያሳጥርለትም።

ከትልልቆቹ ቺፖች አጠገብ አንዲት ስምንት እግር ያላት ትንሽ ቺፕ አለች፤ በእኔ ዓይን የሥራው ሁሉ ቁንጮ እሷ ናት። በውስጧ 256 ባይት ብቻ ተጽፏል፦ ራሟ በምን ፍጥነት፣ በስንት ዙር፣ በስንት ቮልት እንደምትሠራ። ላፕቶፑ ሲበራ ይህን ያነባል። 1333ንና 1600ን ጎን ለጎን ብትሰኩ ሁለቱም በ1333 ይሄዳሉ፤ የቆየችውን 4 ጊጋ ሳትጥሉ አዲሷን 8 ጊጋ መጨመር የሚቻለውም ለዚህ ነው። ቮልቱን ግን አስቀድማችሁ እዩ፦ ቲ430 በ1.5ም በ1.35ም ይሠራል፤ ከ2013 ጀምሮ የወጡት ሃስዌል የተባለው ፕሮሰሰር ያላቸው ላፕቶፖች የሚቀበሉት 1.35ን ነው። መለያ ወረቀቷ ላይ «ፒሲ3ኤል» የሚል ከተጻፈባት ለሁለቱም ትሆናለች።