መሬቱ በአዋጅ፣ ደሙ ከአዋጁ በኋላ፦ አብዮትና ለውጥ በወለጋ

ማኅበራዊ ለውጥ ያለ አብዮት ይመጣል ወይ? አብዮትስ ያለ ደም ይሆናል ወይ? ጸሐፍት እነዚህን ጥያቄዎች አዘውትረው የሚመረምሩት ከስድስት ኪሎ ግቢና ከአራት ኪሎ ቤተ መንግሥት ተነስተው ነው። ወለጋ ግን የራሱ መልስ ሰጪዎች ነበሩት። የአርጆው ኃይሌ ፊዳ በመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) በኩል ለወታደራዊው መንግሥት ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» እየሰጡ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴን የጣለውን አብዮት ወደ ሕዝብ ለመግፋት ሞከሩ። የቦጂው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ወንጌልና ልማት አይነጣጠሉም ብለው በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሠሩ። ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ የኢትዮጵያ ጭቁኖች አብዮታዊ ትግልን (ኢጭአት) ከመሩ በኋላ ወደ ኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) የትጥቅ ትግል ገቡ። የአብዮቱ አምስተኛ ዓመት ሲከበር ሦስቱም በሕይወት አልነበሩም። ከሦስቱ የማን መንገድ ትክክል ነበር ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ አብዮቱ ምኑን እንደለወጠና ደሙ መቼ እንደፈሰሰ መለየት ያሻል።

ከእነርሱ በፊት ዝግተኛው የትምህርት መንገድ ተሞክሯል። በባርነት ተሸጠው ምጽዋ ላይ ነጻ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ፣ በአስቴር ጋኖ አጋዥነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው በ1899 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በ1904 እ.ኤ.አ. ወለጋ ገብተው በሕዝቡ ቋንቋ ሲያስተምሩ የኦርቶዶክስ ካህናት ከሰሷቸው፤ የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ግን አስጠጓቸው። እነ ጉዲናን ያፈራው የወለጋ የወንጌላውያን ትምህርት ሥሩ እዚህ ነው። ይሁንና የኩምሳ አባት ሞረዳ በቀሬ ለምኒልክ ገብረው የአካባቢ ሥልጣናቸውን አስጠብቀው ነበርና፣ የገበሬው ግብር ወደ መሐል አገር የሚሄደው በዚሁ ቤተሰብ በኩል ነበር። ትምህርት ቤቱን የጠበቀው እጅ ግብሩንም ይሰበስብ ነበር። ፊደል ሰውን ለወጠ፤ የመሬቱን ሥሪት ግን አልነካም።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ የመጨረሻ ዓመታት ከወለጋ ገበሬ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጭሰኛ ነበር። ጭሰኛው የምርቱን እኩሌታ ወይም ሲሶ ለባለ መሬቱ ያስረክባል፤ አዝመራው ሲደርስ የባለ መሬቱን ማሳ በነጻ ያጭዳል፤ ልቀቅ ሲባል ጎጆውን ነቅሎ ይሄዳል። ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። በተከታዩ ዓመት የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። የባለ መሬትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚደነግግ ረቂቅም ተዘጋጀ፤ ባለ መሬቶች በሞሉበት ፓርላማ ግን ሲንከባለል ቀረ። ስለዚህ «በሕግና በትዕግሥት ይመጣ ነበር» የሚለው መከራከሪያ መጀመሪያ ይህን ፓርላማ ማለፍ አለበት። በዚህ ነጥብ አብዮቱ የግድ ነበር ማለት ይቻላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ ከለከለ፤ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ቢያንስ በ800 ሄክታር ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። ታላቁ ማኅበራዊ ለውጥ የመጣው በዚህ ቀን ነው። ደርግ ተቃዋሚዎቹን የፈጀበት ቀይ ሽብር የተፋፋመው ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ነው፤ የፈሰሰው ደም ለገበሬው አንድ ጥማድ መሬት አልጨመረለትም። ከአዋጁ በስተጀርባ የወታደር ጠመንጃ እንደነበረ አይካድም፤ አንዳንድ ባላባቶችም ሸፍተው ተዋግተዋል። ነገር ግን ያረጀ ሥርዓትን በኃይል ማስገደድ አንድ ነገር ነው፤ የትናንት አጋርን መፍጀት ሌላ። ኃይሌ ፊዳ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከመኢሶን ጋር ኅቡዕ ሲገቡ ተይዘው በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት ለመሬት ጉዳይ አልነበረም፤ ለሥልጣን ነበር።

በዚያው ዓመት (በ1979 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ቴዳ ስኮችፖል የፈረንሳይን፣ የሩሲያንና የቻይናን አብዮቶች አነጻጽራ፣ ሦስቱም ከቀድሞው የበረታ ማዕከላዊ መንግሥት ወልደው እንዳለፉ አሳየች። ወለጋም ከዚህ አላመለጠም። ገበሬው ከባለ መሬት ተላቀቀ፤ የመሬቱ ባለቤት ግን መንግሥት ሆነ። ራሱን ያስተዳድርበታል የተባለው ማኅበር የእህል ኮታ መሰብሰቢያና የወታደር መመልመያ ሆነ። ከመንግሥት ውጭ የቆመ ድርጅትም አልተፈቀደም፤ ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፣ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በወለጋ በርካታ የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ከኦነሲሞስ ጀምሮ በዝግታ የተገነባውን ተቋም አብዮቱ ሊተካው አልቻለም፤ ሊዘጋው ግን ቻለ።

መሬቱ በመንግሥት እጅ በመቅረቱ የመሬት ጥያቄ በሌላ መልኩ ዳግም ተነሳ። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የኦሮሚያ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተማሪዎችን ሲያስነሳ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ተቃውሞው ከጊንጪ ተነስቶ ኦሮሚያን ሲያዳርስ፣ የነቀምቴና የሌሎች የወለጋ ከተሞች ወጣቶች ግንባር ቀደም ነበሩ። ንብረት የተቃጠለበት ቦታ ቢኖርም ሰልፈኛው በአመዛኙ ባዶ እጁን ነበር፤ በጥይት የወደቀው ብዙ ነው። ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። ያልታጠቀ ሕዝብ መንግሥትን ማንበርከክ እንደሚችል በዚህ ተረጋገጠ። ድሉን ተረክቦ የሚያስተዳድር ገለልተኛ ፍርድ ቤት፣ ማኅበርና ምክር ቤት ግን ስላልነበረ ወለጋ ወዲያው በመንግሥትና በኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት መካከል ወደሚደረግ ጦርነት ገባ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ንጹሐን ተጨፈጨፉ። በሁለቱ ተዋጊዎች መካከል በታንዛኒያ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. የተካሄዱት ድርድሮችም ያለ ስምምነት ተበተኑ።

እንግዲህ የወለጋ ታሪክ ለሁለቱም ወገን አያደላም። የመሬት ሥሪቱ ያለ አብዮት አይፈርስም ነበር፤ ስለዚህ ትዕግሥት ብቻውን በቂ ነው የሚል ተሳስቷል። ቀይ ሽብር ለለውጡ አላስፈለገም፤ ስለዚህ ደም የለውጥ ዋጋ ነው የሚልም ተሳስቷል። ከሁለቱ ይልቅ የሚያከራክር አንድ መመዘኛ ይቀራል፦ ማንኛውም ንቅናቄ፣ ታጠቀም አልታጠቀም፣ ካሸነፈ በኋላ የማያዝዛቸው ተቋማት እንዲኖሩ ይፈቅዳል ወይ? ይህን የማይፈቅድ ንቅናቄ የሚያመጣው ለውጥ ባለ መሬቱን ይቀይር እንደሆነ እንጂ ጭሰኝነትን አያስቀርም።