የአባ ጊዮርጊስ ወፍጮ

በመካነ ሰላም አካባቢ ተምሮ የጋስጫውን የአባ ጊዮርጊስን ስም የማያውቅ ካህን አይገኝም፤ ገዳሙ በዚያው በቦረና ምድር ነውና። በየዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን በዓሉ ሲከበር ገድሉ ይነበባል፤ ስብከትም ይሰበካል። ዛሬ ስለዚሁ ገድል ጥቂት ቃል ለመጻፍ መነሣቴ ገድሉን ለመንቀፍ አይደለም፤ አነባበባችንን ለመመርመር ነው እንጂ።

ገድሉ እንደሚተርከው ጊዮርጊስ ገና በብላቴንነቱ ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገባ፤ ነገር ግን ትምህርቱ አልገባህ አለው። ጓደኞቹ ንባቡንና ዜማውን ሲያጠኑ እርሱ ለማኅበሩ እህል ይፈጭ ነበር። ወፍጮ በአገራችን የሴት ሥራ ሆኖ የኖረ ስለ ሆነ፥ መጅ ይዞ ማጎንበስ ለወንድ ልጅ፥ ይልቁንም ለካህን ልጅ፥ ምን ያህል ውርደት እንደ ነበረ አንባቢ ያውቀዋል። በኋላም እመቤታችን ጽዋዐ ልቡና አጠጣችው፤ ምሥጢርም ተገለጸለት።

ሰባክያኑ ግን ይህን ባነሡ ጊዜ ወፍጮውን በአንድ ቃል ዘለው ወደ ጽዋው ይሮጣሉ። ሰሚውም መከራ ማለት ታግሦ ለጠበቀ ሰው በወለድ የሚመለስ ብድር ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ገድሉ ራሱ ግን እንዲህ አይልም። አባ ጊዮርጊስ ጽዋውን ከጠጣ፥ ሊቅም ከሆነ በኋላ በዐፄ ዳዊት ዘመን በሐሰት ተከሶ ታስሯል። በወፍጮ ቤት የተዋረደው ባለማወቁ ነበር፤ በወኅኒ የተንገላታው ግን በማወቁ ነው። እንግዲህ ጽዋው የወፍጮው ደመወዝ ከነበረ፥ እስራቱ የምን ደመወዝ ይባላል? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰባኪ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ነገሩም የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረኃብ አለቀች፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ዳግመኛ ረኃብ ገባባት። በሁለተኛው ጊዜ እኔ ገና የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። ሁለት ልጆቿን በአንድ ሳምንት የቀበረች እናት በተቀመጠችበት ጉባኤ አንድ ሰባኪ ተነሥቶ፥ ይህ ሁሉ የመጣው በኃጢአታችን ነው፥ ንስሐ ብንገባ ኖሮ ባልደረሰብን ነበር፥ ብሎ አስተማረ። ሴቲቱ አልመለሰችለትም። እኔም በዚያን ጊዜ ቃሉ ልክ መስሎኝ ነበር፤ ቅኔ የሚዘርፍ አፍ ነበረኝ እንጂ የሚያዝን ልብ ገና አልነበረኝም።

ኤልፋዝ፥ በልዳዶስና ሶፋር ለኢዮብ የነገሩት ይህንኑ አልነበረምን? ከተናገሩት ብዙው ቃል በቃል ሲታይ ሐሰት የለበትም፤ የእግዚአብሔርን ፍርድ ያመሰግናል። ይሁን እንጂ በመጨረሻ የተገሠጹት እነርሱ ናቸው። እኛ የመጽሐፉን መጀመሪያ ስላነበብን ሰይጣን እንደ ከሰሰው እናውቃለን፤ ለኢዮብ ግን እስከ መጨረሻው ምክንያቱ አልተነገረውም። ጌታችንም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ ኃጢአቱን ከእርሱም ከወላጆቹም አራቀ። የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውም ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስረዳ። እርሱ ራሱም ያለ በደል ተሰቀለ፤ በክርስቶስ ለሚያምን ሰው መከራውን ብቻውን እንደማይቀበል የሚያስረዳው ይህ መስቀል ነው። ምክንያቱን ግን መስቀሉም አልነገረንም።

ወደ አባ ጊዮርጊስ ድርሰት እንመለስ። መጽሐፈ ምሥጢርን የፈጸመው እስራቱ ካለፈ በኋላ፥ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፥ በ1416 ዓ.ም. ነው። የተገፋ ሊቅ ቀለም ባገኘ ጊዜ የገዛ ክሱን ታሪክ ይጽፋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ እርሱ ግን በበዓላት የሚነበብ የሃይማኖት ትምህርት ጻፈ። ክርክሩ ብርቱ ነው፤ ለመናፍቃን አይራራም፤ ከቢቱ ጋር የነበረውም ሙግት በዚያ ውስጥ አለ። በትምህርቱ ወደር የለውም፤ ነገር ግን ደፍሬ ልናገርና ያዘነ ሰው ጎን ተቀምጦ የሚነበብ መጽሐፍ አይደለም።

ለዚህ ነገር የሚሻለው ትውፊት ለእርሱ የሚሰጠው አርጋኖን ነው፤ ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ፥ ከዕፅና ከአበባ፥ ከዕንቍም ምሳሌ እየነሣ እመቤታችንን ያመሰግናል። ያዘነ ሰው ምክንያት ሲነግሩት ይሸሻል፤ አብረውት ሲያመሰግኑ ግን ቀስ ብሎ ይጠጋል። ከሁሉ ይልቅ እኔ የምወደው ሰዓታቱን ነው። ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ሲቆም፥ ከቆሙት መካከል ማን ልጁን እንደ ቀበረ፥ ማንስ በሐሰት እንደ ተከሰሰ የሚጠይቅ የለም፤ ተራው የደረሰው ያዜማል፥ የደከመው በመቋሚያው ይደገፋል።