የባለርስቱ ስም፣ የተከራዩ ሰፈር፦ ከአራዳ የመሬት ታሪክ የጎደለው

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬቷ የተደለደለው በጦር ሰፈር ሥርዓት ነው። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ከፍታ ከፍታውን ተሰጡ፤ እነሱም በተራቸው ወታደሩን፣ ወጥ ቤቷን፣ ፈረስ ጠባቂውንና እንጨት ፈላጩን ከራሳቸው ቤት ዝቅ አድርገው አሰፈሩ። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ፦ አራዳንና አካባቢዋን ዛሬም የምንጠራው በእነሱ ስም ነው። ባሕሩ ዘውዴ ከከተማዪቱ መቶኛ ዓመት ጋር በተያያዘ ባቀረቡት ጥናት በመኳንንት ስም የተጠሩ ሰፈሮችን በሙያና በብሔረሰብ ከተሰየሙት ለይተው አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰፈሮች የሚጻፈው ግን በአብዛኛው መኳንንቱን ብቻ ይዞ ቀርቷል፤ የሰፈር ታሪክ ማለት የባለስሙ የሕይወት ታሪክ ሆኗል። እንዲህ ያለው አጻጻፍ የአራዳን ታሪክ ግማሹን ይጥላል ባይ ነኝ።

ደጃች ውቤ ሰፈርን እንውሰድ። ደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ በአንድ ወቅት የዘውዲቱ ምኒልክ ባል እንደነበሩ ተጽፏል። «ውቤ በረሃ» የሚለውን የሰፈሩን ስም በአገር ያስናኘው ግን የደጃዝማቹ ሹመት አይደለም፤ ጠጅ ቤቱና ቡና ቤቱ፣ አዝማሪውና በየጓዳው ተከራይተው ሌሊቱን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የጻፈው ስለ እነሱ ነው። ልብ ወለዱ ያያቸውን የታሪክ ጸሐፊው ያለፋቸው ሰነድ ስላልተዉለት ይመስለኛል። ባለርስቱ ውልና ማኅተም ነበረው፤ ተከራይዋ የነበራት የጎረቤት ምስክርነት ነው።

የባለርስቱም ይዞታ ቢሆን የሚመስለውን ያህል ጽኑ አልነበረም። ለንጽጽር ያህል፣ በደቡብ አየርላንድ ያለችው የብላርኒ መንደር የማካርቲ ጎሳ ይዞታ ነበረች፤ ጎሳው መሬቱን እስኪነጠቅ ድረስ ጌትነቱ በጎሳው ውስጥ የሚተላለፍ የደም ጉዳይ ነበር። የአራዳው ጌታ ግን ከዘሩ ይልቅ በሹመቱ ይቆም ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1919 ዓ.ም. ሲሞቱ ሠራዊታቸውና ሰፊ ይዞታቸው ወደ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ዞረ። ስማቸው ግን በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቀረ።

ከአየርላንድ ጋር ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው ግን በተከራዩ ዕጣ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1903 የወጣው ሕግ ጭሰኛው በመንግሥት ብድር ያረሰውን መሬት ከባላባቱ እንዲገዛ አስቻለው። እዚህ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን መሬት ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተወለት፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ኪራዩ ዝቅተኛ የሆነው ወደ ቀበሌ ገባ። አዋጁ ለድሃው እፎይታ መሆኑን አልክድም፤ በጥቂት ብር ኪራይ ልጅ አሳድጎ መዳር የቻለው በእሱ ነው። ባለቤት ግን አላደረገውም። አከራዩ ከመኳንንት ወደ ቀበሌ ተቀየረ፤ ጭቃው ሲረግፍ፣ ቆርቆሮው ሲዝግ፣ ቀበሌው አያድስ፣ ተከራዩም በሰው ቤት ገንዘቡን አያፈስ፣ ሰፈሩ በቁሙ አረጀ።

ለዚህም ነው 2016 ዓ.ም. የከበደው። የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ መንደሮች ፈረሱ። የመኳንንት ቤት የሚሟገትለት ቅርስነት አለው፤ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ቆሟል። ሦስት ትውልድ ያሳደገ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ግን በማንም መዝገብ ቅርስ አልተባለም።

ቤቱ ቢፈርስም ሰነዱ ሁሉ አልጠፋም። የዕድር መዝገብ አለ፦ ማን መቼ እንደገባ፣ ማን እንደሞተበት፣ ድንኳኑና ድስቱ ለማን ቤት እንደወጣ፣ ማን መዋጮ እንደዘለለ በእስክሪብቶ የተጻፈበት። የቀበሌ ኪራይ ደረሰኝ፣ በየሰው ሳጥን ያለ ፎቶግራፍም አለ። የአራዳ ሰው ዛሬ በከተማዪቱ ዳርቻ ተበትኗል፤ ዕድሮቹ ሲከስሙ መዝገቦቹም አብረው ይጠፋሉ። የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎቻቸውን ወደ እነዚህ ሰዎች ይላኩ፤ ቤተ መዛግብትም የዕድር መዝገብን እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሰነድ ይቀበል። እርስዎም ከአራዳ የወጡ ከሆኑ፣ የሰፈርዎን የዕድር ጸሐፊ ዛሬውኑ ይፈልጉ።